በማርትሬዛዋ ላይ ያለችው ምልክት

«ይህቺን ምልክት የመታት አባቴ ነው» አለ ናኦድ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

አንጥረኛው ዱዓሌ ማርትሬዛዋን ወደ ብርሃን ጠጋ አድርጎ አያት። አሮጌ የብር ሳንቲም ናት። በላይዋ በተቀረጸችው ሴትዮ ትከሻ ላይ ጥፍር የምታህል ክብ ምልክት ተመትታለች።

ሚስጥር ከወንድሟ ኋላ ቆማለች፤ ምንም አይሰማትም። አባቷ ቢምረው 26 ጁን በሚባለው ሰፈር ከሚሠራበት ፎቅ ወድቆ ከሞተ ወዲህ እንዲህ ናት። ትምህርት ቤት ትሄዳለች፣ ውሃ ትቀዳለች፣ ሰው ሲስቅ ትስቃለች። ጓደኞቿ «ምነው፣ ደብሮሻል እንዴ?» ሲሏት ትከሻዋን ትሰብቃለች። በለቅሶው ላይ እንኳ እንባ አልወጣትም። የሚኖሩበት የሼክ ኑር ሰፈር ጎረቤቶች «ልጅቷ ድንጋይ ናት» ሲሉ ሰምታ፣ እውነታቸውን ነው ብላ አለፈችው።

አባታቸው የተወላቸው ይህችን ማርትሬዛ ብቻ ነው። አንዲት ሳንቲም፣ ሁለት ልጆች። እናታቸው አስባ አስባ፣ ለአንዱ ሰጥቼ ሌላውን አላስከፋም፣ ትቅለጥና ሁለት ቀለበት ይሠራባት ብላ ወደ ዋሄን ገበያ ላከቻቸው።

የምልክቷን ነገር የፈጠረችው ሚስጥር ናት። በለቅሶው ሰሞን ናኦድ እህል አልቀምስ ሲል፣ «አባዬ ነው ለአንተ ብሎ የመታት» አለችው። በላ። የስድስት ዓመት ልጅ ነው፤ ማን ይፈርድባታል? ከዚያ ወዲህ ግን ሳንቲሟን ሳይጨብጥ አይተኛም። ዛሬም እሺ ብሎ የመጣው፣ ብሩ ቢቀልጥም ምልክቷ ቀለበቱ ላይ የምትቀር መስሎት ነው።

ዱዓሌ ድሬዳዋ ያደገ፣ አማርኛ የሚያውቅ፣ ክፋት የሌለበት ሰው ነው። ከመሳቢያው ሌላ ማርትሬዛ አወጣና ከእነሱዋ ጎን አስቀመጠ። ያው ትከሻ፣ ያችው ምልክት።

እንዲህ ያለ ብዙ አይቻለሁ አላቸው። ማን እንደመታው ግን እሱም አያውቅም። አንዱ ነጋዴ ነው ይላል፣ ሌላው የአገር ገዢ ነው ይላል፤ የሚያውቁት ሳይናገሩ ሞተዋል። «አባቴንም ጠይቄው ነበር። አላህ ይወቀው አለኝ።»

ናኦድ ሁለቱን ሳንቲሞች አየ፤ ከዚያ እህቱን። «ይሄኛዋንም አባዬ ነው የመታት?»

አዎ ማለት ቀላል ነበር። ቃሉ አፏ ላይ ደርሷል። ነገሩ የገባው ዱዓሌ አንገቱን ደፍቶ ከሰሉን ማራገብ ጀመረ። አዎ ብትለው ያምናታል። ምልክቷ ቀልጣ ስትጠፋ ደግሞ ሌላ ውሸት ልትፈልግለት ነው።

«አይደለም» አለች። «እኔ ነኝ የዋሸሁህ። እንድትበላ ብዬ።»

አላለቀሰም። የፈራችው ለቅሶውን ነበር፤ እሱ ግን ሳንቲሟን አንስቶ አገላበጣት።

«አባዬስ ማን እንደመታት ያውቅ ነበር?»

«አያውቅም። ከሥራ ሲመጣ ግን ቁጭ ብሎ በአውራ ጣቱ ያሻት ነበር። ይሄ ውሸት አይደለም።»

ናኦድ ሁለቱን ምልክቶች ዳሰሰ። የዱዓሌዋ ጠርዟ ይቆረቁራል፤ የእነሱዋ ልሙጥ ናት። ደግሞ ዳሰሳት።

«ያለሰለሳት እሱ ነዋ» አለ።

ሚስጥር እጇን ዘረጋች፤ ሰጣት። አውራ ጣቷን ምልክቷ ላይ አሳረፈች። አባቷ ጣቱን የሚያሳርፈው እዚችው ላይ ነበር። ደረቷ ውስጥ የሆነ ነገር ወጋት፤ የደነዘዘ እግር ሲነቃ እንደሚወጋው።

ዱዓሌ እሳቱ መድረሱን ነገራቸው።

«አዴር፣ ይቅርብን» አለች፣ የአገሩ ልጆች በሶማልኛ አጎቴ ሲሉ እንደሚጠሩት። እናቷ እንደምትቆጣ ታውቃለች፤ ምን ብላ እንደምታስረዳት ገና አላሰበችም። ሳንቲሟን ናኦድ መዳፍ ላይ አስቀመጠችና ጣቶቹን አጠፈችለት።

«ዛሬ አንተ ጋ ትደር» አለችው። «ነገ የኔ ተራ ነው።»