እማማ ደብሪቱ አልቀመጥም አሉ

የትርንጎ ሥራ አረጋውያንን በየቤታቸው መንከባከብ ነው። ታጥባለች፣ ታበላለች፣ ደግፋ ታራምዳለች።

ዛሬ አዲስ ቤት ሄደች። ኳ! ኳ! ኳ!

ቤቱ የእማማ ደብሪቱ ነው። እግራቸው ተሰብሮ ነበር። አሁን ድኗል፤ ግን ገና አልጠናም።

«ብቻቸውን እንዳይነሱ!» ብሏል ሐኪሙ። «ከወደቁ እንደገና ይሰበራል።»

ትርንጎ ገባች። እማማ ደብሪቱ ወንበሩን ጨብጠው ለመነሳት ታገሉ። ሲጢጥ!

«ኖር!» አሉ።

«በእግዚአብሔር! አይነሱ እማማ!» ትርንጎ ሮጣ ያዘቻቸው።

ውኃ ልታመጣ ወጣች። ውኃ ይዛ ገባች። ሲጢጥ!

«ኖር!»

«በእግዚአብሔር! አይነሱ እማማ!»

መድኃኒት ልታመጣ ወጣች። መድኃኒት ይዛ ገባች። ሲጢጥ!

«ኖር!»

«በእግዚአብሔር! አይነሱ እማማ!»

ወጣች፣ ገባች። ወጣች፣ ገባች። ትርንጎ አጠገባቸው ቁጢጥ አለች።

«እማማ፣ እኔ እኮ እንግዳ አይደለሁም። ሠራተኛ ነኝ።»

«ሠራተኛ ሰው አይደለም እንዴ?» እማማ ደብሪቱ ተቆጡ። «ሰው ሲገባ ተጎልቼ ልቅር? ጆንያ ነኝ?»

ደግሞም አሉ፦ «ልጄ ትልቅ ቴሌቪዥን ገዝቶ ‹ተቀምጠሽ እይ› አለኝ። ቴሌቪዥኑ ግን ‹እንዴት አደርሽ› አይለኝም።»

ትርንጎ ዘዴ ፈለገች። ፎጣ ይዛ፣ በጣቶቿ ጫፍ፣ ቀስ... ቀስ... እንደ ድመት ገባች።

እማማ ደብሪቱ ድንገት አዩዋት። «ውይ! ኖር!» ሲጢጥ! እግራቸው ተንሸራተተ!

ትርንጎ ፎጣውን ጥላ ዘለለች። እቅፍ አደረገቻቸው። ለጥቂት!

ሁለቱም ቁና ቁና ተነፈሱ።

«አንቺ ልጅ! እንደ ሌባ የምትሹለከለኪው ልትገድይኝ ነው?»

ትርንጎ አፈረች። «ይቅርታ እማማ። ከእንግዲህ መነሳት አልከለክልዎትም። አንኳኳለሁ፤ እርስዎ ይጠብቁኛል። ከዚያ እጅ ለእጅ ተያይዘን አብረን እንነሳለን።»

እማማ ደብሪቱ አሰቡ። «እሺ። አንቺም አትሹለክለኪ።»

ኳ! ኳ! ኳ!

እግራቸው አላርፍ አለ። እጃቸው አላርፍ አለ። ግን ጠበቁ።

ትርንጎ ገብታ እጃቸውን ያዘች። አንድ... ሁለት... ሦስት!

«ኖር!»

«በእግዚአብሔር!»

እማማ ደብሪቱ ቀጥ ብለው ቆሙ። ፊታቸው በራ።

ሲመሽ ልጃቸው ከሥራ ገባ። ትርንጎ ነጠላዋን ለበሰች። «ደህና ይደሩ እማማ።»

እማማ ደብሪቱ አንድ እጃቸውን ለእሷ፣ አንዱን ለልጃቸው ዘረጉ። «ያዙኝ!»

«ወዴት ሊሄዱ?»

«ልሸኝሽ ነዋ!»

አንድ እርምጃ... ሁለት... ሦስት... እስከ በሩ!

ትርንጎ ስቃ ሄደች። ልጃቸው ክንዳቸውን እንደያዘ፣ «በቃ እማዬ፣ አሁን ተቀመጪ» አላቸው።

«ቆይ» አሉ እማማ ደብሪቱ። «መጀመሪያ መንገዱን ትሻገር።»