ፎሌ ላይ የቆመች መኪና

አመሻሽ ላይ ተሳፋሪዎቹ ከባቡር ወርደው፣ መኪኖቻቸውን አስነስተው ሲበተኑ፣ በከተማው ዳርቻ ባለው ጣቢያ ማቆሚያ ሜዳ ላይ አንዲት ግራጫ መኪና ብቻዋን ቀረች። ጠባቂው ሄደው መስኮቷን አንኳኩ። የፊት መስታወቷ በፀሐይ መከላከያ ተጋርዷል። በጎን ጎንበስ ብለው ሲያዩ አንድ ሰው ከሾፌሩ ጎን ባለው ጋቢና ወንበር ላይ ተንጋሎ፣ ኮፍያውን ፊቱ ላይ ደፍቶ ተኝቷል። ደጋግመው ጠሩት። ኋላ ፖሊስ ጠሩ።

መርማሪዋ ስትደርስ ብርሃኑ ገና አልጠፋም ነበር። ባልደረቦቿ በሌለችበት «መርፌ» ይሏታል፤ ቀጭን ስለሆነች ብቻ አይደለም፣ የገባችበትን ሳትወጋ ስለማትወጣ ነው። ሆዱ ከእሱ ቀድሞ የሚደርሰው ምክትሏ ነገሩን ጨርሶ ነበር የጠበቃት።

«ልብ ነው» አላት። «ሚስቱን አነጋግሬያታለሁ፣ የልብ ሕመምተኛ ነበር። እዚህ ባቡር የሚጠብቁ ሰዎች ጋቢና ተጋድመው ሸለብ ያደርጋሉ አሉ። ሸለብ አደረገ፣ በዚያው ቀረ።»

መርፌ ውስጡን ለማየት መኪናዋን ደገፍ አለች። መኪናዋ ከእጇ ሸሸች። መርፌ ልትወድቅ ምንም አልቀራት።

«ፎሌ ላይ ናት፣ ማርሽ አልያዘችም፣ የኔ ልጅ» አሉ ጠባቂው ደንግጠው። «የእጅ ፍሬኗም ተለቋል። እዚህ ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያቆመው።»

ሜዳው እንደ ገበታ ለጥ ያለ፣ ግን ጠባብ ነው። ማልዶ የመጣ ግድግዳውን ይዞ ያቆማል፣ የዘገየ ከኋላው ዘግቶ ያቆምና ወደ ባቡሩ ይሮጣል። ታዲያ የዘጋ ሰው ማርሹን ፎሌ ላይ አድርጎ፣ ፍሬኑን ለቆ፣ መሪውን አቅንቶ ይሄዳል። መውጣት የፈለገ ሲመጣ ጠባቂው መኪናዋን በእጃቸው ገፋ አድርገው መንገድ ይከፍታሉ። በዚህም የተነሣ ስማቸው ጋሽ ግፋ ሆኖ ቀርቷል።

«እሱም እንደዚያ ነበር የሚያቆመው?» አለች መርፌ።

ጋሽ ግፋ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «እሱማ ሞቶም አያደርገው! ፍሬን ሳይዝ ከመኪና አይወርድም ነበር። ‹እጅ ፍሬን› ነበር የምንለው፣ ፊት ለፊቱ። በየቀኑ እንጣላለን። ትናንት እንኳ ‹ይሄ ፍሬን አንድ ቀን ይነቅህ!› ብዬዋለሁ። አፌን ቁርጥ ያድርገው!»

«ዛሬስ?»

«ዛሬ ጠዋት እዚህ የምታቆም አንዲት ሐኪም የረሳችው ነገር ኖሮ ከባቡር ተመለሰች። የሷን መኪና የዘጋው የሱ ነበር። ለሙከራ ብንነካው ሄደ። ‹ዛሬስ ሰው ሆነ!› ብለን እየሳቅን ገፋነው።» ሽማግሌው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። «ለካ ውስጡ ነበር።»

መርፌ ብዙ ሬሳ አይታለች። ያን ሳቅ ግን በማስታወሻዋ ላይ አልጻፈችውም።

በማግስቱ የሬሳ መርማሪው ሐኪም ከሟቹ ሆድ ሻይና ብዙ የእንቅልፍ መድኃኒት አገኘ። ጋሽ ግፋ ደግሞ በየጠዋቱ ከፔርሙስ ሻይ እየቀዱ ለመንገደኞች ይሸጣሉ። ምክትሉ እሳቸውን ለመያዝ ጊዜ አልፈጀበትም።

«ዝተዋል፣ ሻይ ሸጠዋል፣ መኪናውን ገፍተዋል» አለ። «ከዚህ ወዲያ ምን ቀረ?»

«የኔ ልጅ፣ ባለቤቴ ከአልጋ አትነሣም» አሉ ጋሽ ግፋ፣ እጃቸው በካቴና እየታሰረ። «እኔ ማታ ካልገባሁ ውሃ የሚያቀብላት ሰው የለም። ጎረቤት ስንት ቀን ይችላታል?»

መርፌ የቤታቸውን አድራሻ ጻፈች። የእኚህ ሰው ሚስት በውሃ ጥም እንዳትቀጣ መፍጠን ነበረባት።

መኪናዋ ተዘግቶባት የነበረችው ሐኪም የጥርስ ሐኪም ናት፣ ነገር አታበዛም። «መድኃኒት እጄ ላይ አለ፣ ፎሌ ማቆምም ለምዶብኛል። ይጠርጥሩኝ እንጂ!» አለች።

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። ሟቹን ያውቁት ነበር?»

«በዚያ ሜዳ ‹እጅ ፍሬን›ን የማያውቅ የለም። ሁላችንም አንድ ቀን በእሱ ምክንያት ታግተን ውለናል።»

የሟቹ ሚስት መጋረጃ በተዘጋበት ሳሎን ውስጥ ተቀምጣ ነበር። ከጎረቤት የመጡት ሴቶች ሲወጡ መርፌ ከጎኗ ተቀመጠች።

«ሰሞኑን ምን ሆኖ ነበር፣ እህቴ?»

«እንቅልፍ አጥቶ ነበር። ‹ዝም ካልኩ የሰው ልጅ ያልቃል› ይለኛል። ምን እንደሆነ ስጠይቀው ‹ላንቺ አይሆንም› ይላል። በዚያን ዕለት ሲወጣ ግን ‹ዛሬ ፖሊስ ጋ ገብቼ እገላገለዋለሁ› አለኝ።»

«ብቻውን ነው የወጣው?»

«ከቤት ብቻውን ነው። መንገድ ላይ ሰው አንሥቶ እንደሆነ እንጃ።» ከዚያ በኋላ ለቅሶ ያዛት፣ መርፌም አልገፋችም።

ሟቹ መሀል ከተማ ውስጥ ደብተር የሚያትም ማተሚያ ቤት ነበረው፣ ከአንድ ሸሪክ ጋር። ሸሪኩ አንደበቱ ማር ነው። መርፌን ቆሞ ተቀበላት፣ ወንበር ሳበላት፣ ዓይኑን ጠረገ።

«ከእናቴ ልጅ አብልጬ ነበር የምወደው» አላት። «ልብህን ታከም ብለው አልሰማኝ አለ።»

«እርስዎም እንደሱ በባቡር ነው የሚመላለሱት?»

«ባቡር? ግፊያውን አልችለውም! ሩቅ ብኖርም መኪናዬን ይዤ ነው የምገባው። ያን ጣቢያ በስም ነው የማውቀው።»

«ከተማ ውስጥ ማቆሚያ ማግኘት ይከብዳል ይባላል።»

«ጓሯችን ሰፊ ነው፣ እዚያ አቆማለሁ።»

መርፌ ሞቀኝ ብላ ወደ ጓሮው መስኮት ተጠጋች። የወረቀት ጥቅል ከግድግዳ እስከ በሩ ተከምሯል፤ የለበሰው ሸራ አቧራ ጠጥቷል። አህያ እንኳ የምትዞርበት ቦታ አልነበረም። ከመስኮቱ ሥር ደግሞ የሕፃን ፊት የታተመበት፣ የልጆች ሳል ሽሮፕ የሚል የመለያ ወረቀት ተጠቅልሎ ተቀምጧል።

«ደብተር ብቻ መስሎኝ የምታትሙት?»

«ትንሽ ትዕዛዝ ነው» አለ ሸሪኩ፣ ጥቅሉን በእግሩ ገፋ እያደረገ። መርፌ አመስግናው ወጣች።

በነጋታው ሁሉንም ጣቢያው ሜዳ ላይ ጠራቻቸው። የሥራ ቀን ስለነበረ መኪናው ሞልቷል። ሰማዩ ጠቁሯል። ሐኪሟ ማልዳ መጥታ ግድግዳውን ይዛለች። የሟቹ ሚስት ጥቁሯን ለብሳ የጥበቃ ቤቱ ጥግ ቆማለች። ጋሽ ግፋን ምክትሉ ከእስር ቤት አመጣቸው፣ በሁለት ቀን አሥር ዓመት አርጅተዋል። መጨረሻ ሸሪኩ በጥቁር መኪናው ደረሰ። ባዶ ቦታ ሲያጣ ከሐኪሟ መኪና ኋላ ዘግቶ አቆመና ቁልፉን ኪሱ ከትቶ መጣ።

«ሰውየው የሞተው ጋቢና ላይ ነው» ብላ ጀመረች መርፌ። «ምክትሌ ‹ሊተኛ ነው የተሻገረው› አለኝ። ይሁን ብዬ ነበር። ግን ፍሬን ሳይዝ የማይወርድ ሰው ፍሬኑን ለቆ፣ ፎሌ አድርጎ አይተኛም። እንግዲህ መኪናዋን ያቆማት ሌላ ሰው ነው። ሟቹ ከዚያ ሰው በተቀበለው ሻይ እየደነዘዘ ጋቢና ተሻግሯል፣ ያ ሰው መሪ ይዞ እዚህ አምጥቶታል።»

«ሻይ የሚሸጡትስ?» አለ ምክትሉ።

«ጋሽ ግፋ፣ መኪና ይነዳሉ?»

«ብነዳ በግፊያ እኖር ነበር?» አሉ።

«ደግሞም የሟቹን አመል የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። ዝም ቢሉ ኖሮ ልብ ነው ብለን ቀብረነው ነበር። ገዳይ ገመዱን ለፖሊስ አያቀብልም።»

ምክትሉ መሬት መሬት አየ።

«ዶክተሯስ?» ብላ ቀጠለች። «ይህን ሜዳ የሚያውቅ ሰው፣ ሟቹ ራሱ እንዳቆማት ማስመሰል ቢፈልግ ፍሬኑን አጥብቆ ይይዝ ነበር። ‹እጅ ፍሬን› መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ገዳዩ ግን አያውቅም። እንደዚህ ማቆም እጁ የለመደ፣ ግን የዚህ ሜዳ ያልሆነ ሰው ነው። ሌላ ጣቢያ፣ ሌላ እንደዚህ ያለ ጠባብ ሜዳ ላይ የለመደ።»

«ይህ ሁሉ እኔን ምን ያገባኛል?» አለ ሸሪኩ። «እኔ ባቡር አልጠቀምም ብያለሁ።»

መርፌ ወደ ጥቁሩ መኪና ሄደች። መዳፏን ኋላው ላይ አሳርፋ በቀስታ ገፋች። መኪናው ያለ ምንም ድምፅ፣ ቀጥ ብሎ ሄደ።

የሟቹ ሚስት ጮኸች። ሸሪኩ ኪሱ ውስጥ ያለውን ቁልፍ ጨብጦ ደርቆ ቀረ።

«አመል ያወጣል ከመሀል» አለች መርፌ። «ጓሯችሁ ውስጥ ብስክሌት እንኳ አይገባም። ትናንት ማታ ከዚህ ቀጥሎ ያለው ጣቢያ ሄጄ ጠባቂውን ‹ጥቁር መኪና ታውቃለህ?› አልኩት። ‹ባለጥቁሩ በየቀኑ እዚህ ነው የሚያቆመው፣ ሰውየው በሞተበት ቀን ጠዋት ብቻ ቀረ› አለኝ። ለምን እንደቀሩ ልንገርዎት? ‹መኪናዬ ተበላሸ፣ በመንገድህ አንሣኝ› ብለውት ነው። የሳል ሽሮፑን ወረቀት ነገር ደግሞ ሽሮፑን የሚሠራውን ፋብሪካ ጠየቅሁ፣ እናንተ ጋ አሳትመው እንደማያውቁ ነገሩኝ። የሐሰት መድኃኒት ላይ የሚለጠፍ ነው። እሱ ደረሰበት፣ ሊናገር ነበር።»

«እንዲተኛ ብቻ ነው የፈለግኩት!» አለ ሸሪኩ፣ ማሩ ከአፉ ጠፍቶ። «ያን ቀን ብቻ ፖሊስ ጋ እንዳይደርስ። ወረቀቱን ላጠፋ!»

«የልብ ሕመምተኛ መሆኑን እያወቅህ?» አንቱታው ከአፏ ወደቀ። «መስታወቱን ጋርደህ፣ በሩን ቆልፈህ፣ ፀሐይ ላይ ጥለኸው?»

ምክትሉ ካቴናውን ከጋሽ ግፋ እጅ ፈትቶ ሸሪኩን አሠረበት። ሽማግሌው የእጃቸውን አንጓ እያሹ የሚስታቸውን ደህንነት ጠየቁ፤ መርፌ ሁለቱንም ቀን ሰው ልካላት እንደነበር ስትነግራቸው አለቀሱ። የሟቹ ሚስትም መጥታ እጃቸውን ያዘች።

ሁሉም ሲሄድ ጋሽ ግፋ ከመርፌ አጠገብ ቀሩ።

«የኔ ልጅ» አሉ። «ያን ጠዋት እየሳቅን ስንገፋው… ሞቶ ነበር፣ አይደል?»

የሬሳ መርማሪው ሐኪም ማለዳ ደውሎላት ነበር። ሰውየው እስከ ቀትር ድረስ በሕይወት ነበር። አንድ ሰው በሩን ከፍቶ ቢሆን ይተርፍ ነበር። መርፌ በሥራዋ ለማንም ዋሽታ አታውቅም። ነገ ፍርድ ቤት ይህን ጮክ ብሎ ያነበው ይሆናል። ዛሬ ግን እኚህ ሰው ወደ ሚስታቸው መግባት ነበረባቸው።

«ሞቶ ነበር፣ ጋሼ» አለቻቸው።

«ተመስገን» አሉ ጋሽ ግፋ፣ ወደ ቤታቸውም ሄዱ።