ወፏ ያላደረገችው

ሸዋወርቅ የልጇን የዓይን ሽፋን በአውራ ጣቷ ወደ ታች ሳበችና ፊቱን ወደ በሩ ብርሃን አዞረችው። ነጩ ከወትሮው ብሶ እንደ እርድ ቢጫ ሆኗል።

«የወፍ በሽታ ነው» አለች። «እንዴት እስከ ዛሬ ሳላየው ቀረሁ?»

ዳዊ ሶፋው ላይ ጎበጥ ብሎ ከቀኝ ጎድኑ ሥር በእጁ ይዟል። ታናሽ እህቱ ሊዲ ጓዳው በር ላይ ቆማ ነበር። ቀና ብሎ አያትና ራሱን በጥቂቱ ነቀነቀ። ዝም በይ ማለቱ ነው።

አዳማ ውስጥ ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው ሁሉ የወፍ በሽታ ይዞታል። የሌሊት ወፍ በላዩ ስላለፈች ነው ይባላል። መድኃኒቱ ሥር ነው፣ ሐኪም ቤት ከሄደ ግን መርፌ ይገድለዋል ይባላል። ምስኪን ወፍ፣ የማታውቀው ሁሉ ይለጠፍባታል።

ሊዲ ግን እውነቱን ታውቃለች። ዳዊ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሲክል ሴል የሚባል የደም በሽታ አለበት፣ ይህን እናታቸውም ታውቃለች፤ የደሙ ሕዋሳት እንደ ማጭድ እየተቆለመሙ ቶሎ ቶሎ ይፈርሳሉ። ከሦስት ሳምንት በፊት ለክትትል ሲሄድ፣ እናታቸው ሱቅ መዝጋት ስላልቻለች ሊዲ ነበረች አብራው የሄደችው። ሐኪሙ በአልትራሳውንድ አየውና የፈረሰው ደም ሐሞት ከረጢቱ ውስጥ ጠጠር እንደሠራ ነገራቸው።

«ቀዶ ሕክምና ያስፈልግሃል፤ ወላጅ ይዘህ ና። ዓይንህ ከባሰ ወይም ጎንህን ካመመህ ግን አንድ ቀን እንዳታድር» አለው።

ሲመለሱ ዳዊ ባጃጅ ውስጥ የምርመራ ውጤቱን ወረቀት አጣጥፎ ኪሱ ከተተው።

«ሐሞቴ ድንጋይ ሆነልሽ» ብሎ ሳቀ። «ከኔ በላይ ሐሞተ ኮስታራ ከየት ይመጣል?»

«ለእማ እንነግራታለን አይደል?»

«ከፈተና በኋላ።»

«ዳዊ፣ ሐኪሙ እኮ…»

«አቦ አታካብጂ። አምናም አሞኝ ሳልፈተን ቀረሁ። ጓደኞቼ ዩኒቨርሲቲ ገብተው እኔ አሁንም አሥራ ሁለተኛ ነኝ። ዘንድሮም ካለፈኝ አበቃልኝ። ማይልኝ።»

ማለችለት።

ሸዋወርቅ በቤተ ክርስቲያናቸው የሴቶች ጸሎት መሪ ናት። ሥር ማሽ ቤት የሚሄድ ሰው ስትሰማ ፊቷን የምታጠቁር ሴት ነበረች። የልጅ ነገር ግን አያስችልም። የዳዊን ዓይን ባየችበት በዚያው ቀን ወለንጪቲ ኦቦ ኦሊቃ የሚባሉ ሥር ማሽ ዘንድ ሄዳ በሃይላንድ ጠርሙስ አረንጓዴ ውኃ ይዛ ተመለሰች።

«ሦስት ጠዋት፣ በባዶ ሆድ» አለች። «ቸርች ውስጥ ለማንም እንዳታወሩ።»

በመጀመሪያው ጠዋት ዳዊ የጠጣውን ሁሉ ግቢው ጥግ አስመለሰው። ሊዲ ተከትላው ወጣች።

«ልንገራት።»

«ዩኒቨርሲቲ ግቢ ለፈተና ልንገባ አራት ቀን ነው የቀረን» አለ አፉን እየጠረገ። «ምለሽልኛል፣ ሊዲ።»

ሐሞቷ ፈሰሰ። እናቷ ጋ ሄዳ ሁለቴ አፏን ከፈተች፤ ሁለቴም ስለ ሌላ ነገር አወራች። በማግስቱም ብርጭቆውን ለወንድሟ አቀበለችው።

በሦስተኛው ጠዋት ዳዊ መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ ተገኘ። ሰውነቱ እንደ እሳት ይፋጃል፣ ጥርሱ ግን ይንቀጫቀጫል። አባታቸው የጭነት መኪናውን ይዞ ጅቡቲ መንገድ ላይ ስለነበር እናትና ልጅ በጎረቤት ባጃጅ ሆስፒታል አደረሱት።

ድንገተኛ ክፍል የነበረችው ሐኪም ሆዱን ነካ አድርጋ ወደ ሸዋወርቅ ዞረች።

«የጠጣው ነገር አለ?»

«ሥር» አለች ሸዋወርቅ፣ ድምፅዋ እየጠፋ። «የወፍ በሽታ መስሎኝ…»

«እናት፣ ጠጠር ነው። የሐሞት ቱቦውን ዘግቶታል፣ ኢንፌክሽኑም ደሙ ውስጥ ገብቷል። ሥሩ ደግሞ ጉበቱን ሳይጎዳው አልቀረም። በጣም ዘግይቶ ነው የመጣው። የምንችለውን እናደርጋለን።»

አልጋውን ሲገፉት ዳዊ ሊዲን በዓይኑ ጠራት። ጎንበስ አለችለት።

«የወረቀቱን ነገር እንዳትነግሪያት» አለ። «ዋሸኝ ብላ እንዳታስብ።»

በሩ ተዘጋ። ኮሪደሩ ላይ ሸዋወርቅ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ሁለት እጆቿን ታያቸዋለች። መጸለይ የለመደችው ሴት ጸሎት ጠፍቶባታል።

«በእጄ አጠጣሁት» ትላለች። «በገዛ እጄ ልጄን።»

ሊዲ አለቀሰች። ዝም ብትል የሚያውቅባት የለም። ዳዊም ይህን ነበር የለመናት፣ ምናልባትም የመጨረሻ ልመናው ነው። እናቷ ግን እጆቿን ማየቷን አልተወችም።

ሊዲ ሄዳ አጠገቧ ተቀመጠች።

«እማ» አለች፣ «ወፍ እንዳልሆነ ሐኪሙ ነግሮን ነበር። አንቺ አታውቂም። እኔ አውቅ ነበር።»

ሸዋወርቅ ቀና ብላ አየቻት። ሊዲ ፊቷን ሳትመልስ፣ ከባጃጁ ጀምራ ሁሉንም ትነግራት ጀመር።