ፀጉሩን አማክሪው

«ነጣ?» አለች ወፌ ለአራተኛ ጊዜ።

ሽውታ ፀጉሩ የተጠቀለለበትን የፎይል ወረቀት ጫፍ ገለጥ አድርጋ አየች። አልነጣም። ከወፌ ግንባር በስተግራ የተለየችው ዘለላ ፀጉር ከሃያ አምስት ደቂቃ በኋላም ጥቁር ነች፤ ዳር ዳሯ ብቻ እንደ ቀጠነ ሻይ ቀላ ብሏል። የግድግዳው ሰዓት ሰባት ከአርባ ይላል። የትምህርት ቤቱ የዓመት መዝጊያ ዝግጅት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይጀመራል፤ ወፌ ብቻዋን መድረክ ላይ ወጥታ የምትዘፍነውም ዛሬ ነው። ቅጽል ስሟን ያወጣላት ድምጿ ነው። ሽውታን ሽውታ ያሰኛት ደግሞ እግሯ ነው፤ አንድ ቦታ ሁለት ደቂቃ ከቆመች መሬቱ የሚያቃጥላት ይመስላታል።

«ትንሽ ሞቅ ይለኛል እንጂ ምንም የለም» አለች ወፌ።

«እሱማ ያለ ነው» አለች ሽውታ፣ ያለ መሆኑን በእርግጥ ባታውቅም።

የእናቷ የፀጉር ቤት ሁለት ወንበሮች አሉት። በአንዱ እናቷ ትሠራለች። መስኮቱ ሥር ያለው ሁለተኛው፣ ረዳቷ ሥራ ከለቀቀች ወዲህ የእናቷ ቦርሳና የፎጣ ክምር ማስቀመጫ ሆኖ ከርሟል። ዛሬ ጠዋት ግን እናቷ ቦርሳዋን አነሳች፣ ፎጣዎቹን ወደ መደርደሪያው አዛወረች፣ ወንበሩንም በእርጥብ ጨርቅ ወለወለችው። ሽውታ የዛሬዋን አንዲት ዘለላ በሥርዓቱ ከሠራች፣ ከዕረፍቱ ጀምሮ ወንበሩ የእሷ ነው። ሦስት ዓመት የተመኘችው ወንበር ነው። ወፌንም ያስቀመጠቻት እዚያው ላይ ነው።

እናቷ አንዲት ሙሽራ ልታሰማምር ስትወጣ ትእዛዟ ሦስት ነበር፦ ማንጫ ዱቄቱ የሚቀላቀለው ሃያ ከተጻፈበት የፐርኦክሳይድ ጠርሙስ ነው፤ ካስክ የሚባለው የፀጉር ማድረቂያ አይነካም፤ ከሁሉም በፊት ደግሞ ፀጉሩ ይማከራል። ማማከር የምትለው የራሷን ዘዴ ነው። ከሚነጣው ፀጉር ጥቂት ክሮች ቆርጣ ብርጭቆ ውስጥ ትጥላለች፤ ፐርኦክሳይድና ጥቂት የአሞኒያ ጠብታ ታክልበትና ሠላሳ ደቂቃ ሙሉ እያየች ትጠብቃለች። ደንበኛ ቢጣደፍ፣ ቢቆጣ፣ ጥሎ ቢሄድ እንኳ ደንታ የላትም። «ሰው ይዋሻል፤ ፀጉር አይዋሽም» ትላለች።

ሽውታ ብርጭቆውን ከመደርደሪያው አውርዳ ነበር። ወፌ ናት ያስመለሰቻት። ሠላሳ ደቂቃ የት አለንና ነው ብላ ተነጫነጨች፤ እሷ እንደሆነች ሳሙናና ቅባት ካልሆነ በቀር ምንም ነገር ፀጉሯን ነክቶት አያውቅም፣ እናቴ ትሙት ብላ ማለች። እናት ከተማለባት ደግሞ ምን ቀረ። ሽውታም ከጥርጣሬ ይልቅ መጣደፍ ይቀናታልና ብርጭቆውን እንደ ደረቀ መልሳ ደፋችው።

አሁን ሰባት ከአርባ አምስት ሆነ። ሽውታ መስታወቱ ሥር የተዘረጋውን የኬሚስትሪ ደብተሯን አየች። ሰኞ የማካካሻ ፈተና አለባት፤ ምዕራፉ የኬሚካዊ ለውጥ ፍጥነት። መምህሯ ነገሩን በገበያ ነበር ያስረዷቸው። ለውጥ የሚመጣው ቅንጣቶች ሲጋጩ ነው። ገበያው በሰው ከተጨናነቀ ትከሻ ለትከሻ መጋጨት ይበዛል፤ ይህ ኮንሰንትሬሽን ነው። ሰዉ ሁሉ መሮጥ ከጀመረ ግጭቱ ይበዛል፣ ይበረታልም፤ ይህ ሙቀት ነው። ሦስተኛው ካታሊስት ነው፤ ማንም የማያውቀውን አቋራጭ ለሌላው የሚያሳይና ራሱ ግን ሳይለወጥ እዚያው የሚቀር።

«ስሚ» አለች ሽውታ፣ «ይሄ ነገር በሳይንስ ይፈጥናል።»

«አቦ ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?»

የመጀመሪያውን የማንጫ ቅባት ጠረገችና አርባ የተጻፈበትን ጠርሙስ አወረደች። እጥፍ ከሆነ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል ብላ በልቧ አሰላች። አዲሱን ቀብታ ፎይሉን ጠቀለለች፤ ከዚያም ካስኩን፣ ያን ጭንቅላት ላይ የሚደፋ ትልቅ የማድረቂያ ቆብ፣ ጎትታ ወፌ ላይ ደፋችውና ቁልፉን ተጫነች። ካስኩ መጮህ ጀመረ። የእናቷ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ትዝ አላት፤ በየቀኑ የምትሰማው ስለሆነ ግን እንደ ካስኩ ጩኸት ነው የቆጠረችው።

ሁለት ደቂቃ እንኳ አልሞላም። መጀመሪያ ወፌ «ሞቀኝ» አለች። ቀጥላ «ሽውታ፣ ያቃጥላል» አለች፤ ድምጿ ተለውጧል። ሽውታ ካስኩን ወደ ኋላ ገፋችው። ከፎይሉ ጫፍ እንፋሎት ይወጣል፤ የከረረ ሽታ ቤቱን ሞልቶታል። ፎይሉን ስትይዘው ጣቷን ለበለባት። ካስኩ በዚህ አጭር ጊዜ ፎይል እንዲህ አያግልም። ፎይሉ ውስጥ ያለው ቅባት ራሱ እየፈላ ነበር።

ክው አለች። ኮንሰንትሬሽኑን የጨመረችው እሷ ናት፤ ሙቀቱንም። ይህን ያህል ያጣደፈው ግን ሌላ ነገር ነው። ሦስተኛው፣ ካታሊስቱ፣ እዚህ ፀጉር ላይ ከቀድሞም ነበረ ማለት ነው።

ወፌን በክንዷ ጎትታ ማጠቢያው ላይ አጎነበሰቻትና ቀዝቃዛውን ውሃ ለቀቀችባት። ቅባቱ ታጠበ። ከቅባቱ ጋር ዘለላዋም እንደ ራሰ ክር እየተሳሳበች ተበጠሰችና ማጠቢያው ውስጥ ቀረች። የተረፈው ጉማጅ ሌባ ጣት የማያክል ሆነ፤ ሥሩ ያለው ቆዳ ቀልቷል። ሽውታ ውሃውን ሳትዘጋ ረጅም ጊዜ ያዘችው። ፈርታለች፣ አፍራለችም።

«ምን ተቀብተሽ ነው?» አለች በመጨረሻ።

ወፌ ፎጣው ውስጥ ፊቷን ቀብራ ብዙ አለቀሰች። ከዚያ ቀስ በቀስ ወጣ። ግንባሯ ላይ፣ እዚያችው ቦታ፣ ሽበት አብቅላለች፤ ከአምና ጀምሮ፣ በአሥራ አምስት ዓመቷ። የአባቷን የሽበት ማጥፊያ ፈሳሽ እየሰረቀች በየሳምንቱ ትቀባው ነበር። ዘለላዋ እንድትነጣ የፈለገችውም ለዚህ ነው፤ ቢነጣ ሰው ፋሽን ነው ይላል፣ ማንም ሽበት ነው አይልም። ሽውታ በትምህርት ቤቱ ሁሉ የምትቀናበት ፀጉር ይህ ነበር።

«ለእናትሽ እንዳትነግሪ» አለች ወፌ። «ዱቄቱ ተበላሽቶ ነው በያት። አማክሬው ነበር፣ ምንም አላሳየም በያት። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም። አንቺም ወንበርሽን አታጪም፣ እኔም ሼም አይይዘኝም።»

ለሽውታ ነገሩ ቀሎ ታያት። ዱቄቱ ዛሬ የተከፈተ አዲስ ጣሳ ነው፤ ቢታማ መልስ አይሰጥም። እናቷ ግን ነገ ጠዋት ጣሳውን ይዛ ዱቄቱን ካመጣላት ነጋዴ ጋር ትጣላለች። ሰውዬው ቢምል ቢገዘት የሚያምነው የለም። ሽውታ ከማጠቢያው እስከ በሩ፣ ከበሩ እስከ መስኮቱ ተመላለሰች። ፎጣ አጠፈች፣ ፈታች፣ መልሳ አጠፈች። መደርደሪያው ላይ የተደፋው ብርጭቆ ባለፈች ባገደመች ቁጥር ዐይኗ ውስጥ ይገባል።

«ያንቺን አልናገርም» አለች ቆማ። «ያንቺው ነው። የኔን ግን እናገራለሁ።»

«ወንበሩስ?»

ሽውታ ያጠፈችውን ፎጣ መልሳ ፈታችው።

ስምንት ከሩብ ላይ እናቷ ገባች። ገና ከደጃፉ ሽታው ተቀበላት። የወፌን እርጥብ ፎጣ አየች፣ የተገፋውን ካስክ አየች፣ አርባ የተጻፈበትን ክፍት ጠርሙስ አየች። መጀመሪያ ወደ ወፌ ሄዳ ፎጣውን ገለጠችና ቆዳውን በጣቷ ጫፍ ነካ ነካ አደረገችው። ቅባት አመጣች። ቀባቻት። ሐኪም ዘንድ የሚያደርስ አይደለም፣ ካመመሽ ግን ዛሬውኑ ትነግሪኛለሽ አለቻት። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ልጇ የዞረችው።

«ፀጉሩን አማከርሽው?»

ሽውታ መደርደሪያው ላይ ተንጠራርታ ብርጭቆውን አወረደችና በሁለት እጇ ይዛ ለእናቷ አሳየቻት።

«አላማከርኩትም እማ። ደረቅ ነው። ሃያው ሲዘገይብኝ አርባውን ቀባኋት፤ ካስክም አስገባኋት። ሁሉንም እኔ ነኝ ያደረግሁት።»

እናቷ ብርጭቆውን አየችው። የያዘችውን ቦርሳ ከትከሻዋ አውርዳ፣ ቀስ ብላ፣ መስኮቱ ሥር ያለው ሁለተኛ ወንበር ላይ አስቀመጠችው።

ከዚያ ወፌ ተነሳች። ማጠቢያው ውስጥ ከቀረችው ዘለላ ጥቂት ክሮች ለቀመችና መጥታ ብርጭቆው ውስጥ ጣለቻቸው።

«እኔም ዋሽቻለሁ እትዬ» አለች። «አሁን ይማከር።»

እናቷ ወደ ሽውታ ጠርሙሱን ገፋ አደረገችላት፤ ሃያውን። ሽውታ ቀዳች፣ አሞኒያውን አንጠበጠበች፣ ሰዓቱን አየች። ስምንት ከሃያ አምስት።

ሴኮንድ ቆጣሪው አንዴ እንኳ አልዞረም። ክሮቹ ዙሪያ ጥቃቅን አረፋ ተነሳ፤ ወዲያው በዛና ብርጭቆው ውስጥ ይንፈቀፈቅ ጀመር። ሽውታ ውጩን በመዳፏ ብትነካው ሞቋል። ሠላሳ ደቂቃ ይፈጃል ብላ የፈራችው ነገር መልሱን ለመስጠት አንድ ደቂቃ አልፈጀበትም።

«ከሽበት ማጥፊያ ፈሳሾች አንዳንዶቹ ብረት ነገር አላቸው» አለች እናቷ። «ፀጉር ላይ ይቀራል። ደንበኛ አይነግርሽም፤ ያፍራል። የምጠብቀው ለዚህ ነው።» ከዚያ ወደ ወፌ ጎንበስ ብላ የራሷን ፀጉር ከመሃል ከፈለችው። ሥሩ ነጭ ነበር። «እኔን በአሥራ ሰባቴ ነው የጀመረኝ። ነይ፣ ተቀመጪ፤ ላስይዝልሽ።»

የወፌን ፀጉር ወደ ግራ አድርጋ ጎነጎነችው፤ ዘለላዋ የተበጠሰችበት ቦታ ከጉንጉኑ ሥር ተሸፈነ። ወፌ መስታወቱን አየች፣ አፍንጫዋን ጠረገች፣ ቦርሳዋን አነሳች። ስምንት ከአርባ ሆኗል።

«ሂጂ አንቺም» አለች እናቷ ለሽውታ። «መልሱን አይተሻል።»

ወፌ በሩን ይዛ ጠበቀቻት። ከውጭ የመኪና ጥሩንባና የልጆች ሩጫ ይሰማል። የሽውታ እግር እንደ ልማዱ ወደ በሩ ዞሮ ነበር።

«ያንቺ ተራ መጨረሻ አይደል?» አለች ሽውታ። «እደርሳለሁ። ሠላሳው ሊሞላ አሥራ አምስት ደቂቃ ይቀረዋል።»

ወፌ ሄደች። እናቷ መጥረጊያ አንስታ ወለሉን መጥረግ ጀመረች። ሽውታ አንድ በርጩማ ሳበችና ብርጭቆው ፊት ተቀመጠች። እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ አረፋው ሲነሳና ሲከስም ታየው ጀመር። ማማሰያው አጠገቧ ነበር፤ ቢማሰል ይፈጥን ነበር፤ አላነሳችውም።