ዕድሜው ረጅም ቀለም

«ምነው ዝም አልሽ? አንብቢያት እንጂ!» አለች ብርነሽ፣ እርጥብ እጇን በቀሚሷ እያደራረቀች።

ፖስታው እንደ ወትሮው ከሌኒንግራድ፣ በልጇ በትሩፋት ስም ነው የመጣው። የእጅ ጽሕፈቱ ግን የትሩፋት ወንድም የቦጋለ አይደለም። የጻፈው አብሮት የሚማረው ነጋ ነው።

«ትሩፋት፣ ይህን ለእናትሽ እንዳታነቢ። ለአጎትሽ ስጪ። ቦጋለ ታሞ ሆስፒታል በገባ በሦስተኛው ቀን አረፈ።»

ትሩፋት መስመሯን ደግማ አነበበቻት። ሰፈሩ «ቀለሜው» እያለ የሸኘው ቦጋለ! መርዶ ደግሞ የልጅ ሥራ አይደለም፤ ሽማግሌዎች ተሰብስበው በማለዳ የሚነግሩት ነው። እናቷ ግን ፊት ለፊቷ ተቀምጣ ትጠብቃለች።

«ደህና ነኝ ይላል» አለች ትሩፋት። ከዚያ ያለፈውን ደብዳቤ በቃሏ ታነበንብ ጀመር። «ዕድሜው ረጅም የሆነውን ቀለም ፕሮቲን ላይ እንለጥፈዋለን። ብርሃን ስናበራበት ዙሪያው ያለው ሁሉ አብሮ ያበራና ወዲያው ይጠፋል። የእኛ ቀለም ግን ትንሽ ይቆያል። ፕሮቲኑ እንዴት እንደሚገላበጥ የምናየው ያኔ ነው።»

«ይኼን ባለፈውም ጽፎ አልነበር?»

«እንዳትረሺው ብሎ ነው።»

«ዕድሜ የሚያረዝመው ቀለም!» አለች እናቷ በኩራት። «ለጎረቤቶቻችን ለእነ ከድጃ ነግሬያቸዋለሁ። ሲመጣ ለእኛም ይያዝልን ብለዋል።»

ባለፈው ጊዜ ትሩፋት እየሳቀች አርማት ነበር። «እማዬ፣ ዕድሜው የሚረዝመው ቀለሙ ራሱ ነው። እሱም ቢሆን የሰከንድ ሚሊዮንኛ ናት!» ብርነሽም «ታዲያ ይቺም ዕድሜ ሆና?» ብላ ተገርማ ነበር። ዛሬ አላረመቻትም።

ብርነሽ የቀበሌውን መሠረተ ትምህርት ከጀመረች ገና ሁለት ወሯ ነው። ጠጋ ብላ ጣቷን ወረቀቱ ላይ አሳረፈች።

«ቆይ፣ ቆይ! ይቺ ‹ቦ› ናት አይደል?»

ጣቷ ያረፈው ስሙ ላይ ነው። ቀጥሎ ያለው ቃል «ታሞ» ይላል።

«ናት» አለች ትሩፋት።

«አየሽ! እንግዲያው ደብዳቤዋን ተዪልኝ፤ ዛሬ ራሴ ነኝ የምጨርሳት።»

ትሩፋት ብድግ ብላ ከሳጥኑ ውስጥ ያለፈውን ደብዳቤ አወጣች። «በዚህኛው ተለማመጂ፣ እማዬ። ጽሕፈቱ ይነበባል።» አዲሱን አጥፋ ደብተሯ ውስጥ ከተተችው። «ጋሼ ሙሉሰው ጋ ደርሼ መጣሁ።»

«ቦጋለ ሰላም ብሎሃል በዪው!»

ትሩፋት ከበሩ ስትወጣ እናቷ ከኋላዋ «ቀ... ለ...» እያለች ፊደል ትለቅም ነበር። አንጀቷን በላቻት።

የአጎቷ የሙሉሰው ቤት ፉሪ ነው፤ የጤፍ ማሳውን አቋርጠው ከሄዱ ቅርብ ነው። አጎቷ ወረቀቱን እንዳነበበ ሽማግሌዎቹን ይጠራል፤ ነገ ማለዳ ግቢያቸው በለቅሶ ይሞላል። ትሩፋት ማሳው ጫፍ ላይ ጥቂት ቆመች። ከዚያ ደብተሯን ደረቷ ላይ አጥብቃ፣ በሀና ማርያም በኩል የሚዞረውን ረጅሙን መንገድ ያዘች።