ረጅም ጉዞውን አምጪልን

«እህቴ፣ ያንን ረጅም ጉዞውን አምጪልን!» አለ አጎትየው፣ አንድ እግሩ ገና ከብስክሌት መሸጫው በር ውጪ እያለ።

ባለሱቋ አንድ ብስክሌት ገልብጣ ካቴናውን ዘይት እየቀባች ነበር። ቀና አለችና ሰውየውን ከላይ እስከ ታች አየችው። ሆዱ በሩን ሞልቶታል፤ ፊቱ ሠርግ የተጠራ ሰው ፊት ነው።

«ባለ ረጅም ጉዞውን ማለትዎ ነው ጋሼ?»

«እሱን ነዋ! ዕድሜዬን ሙሉ ከባድ መኪና ነድቻለሁ። ረጅም ጉዞ እንጂ አጭር ጉዞ ሠርቼ አላውቅም። በእኛ ቤት አጭር ጉዞ የለም!»

ሁለት ልጃገረዶች ተከትለውት ገቡ። አንደኛዋ የእህቱ ልጅ ናት። ቁርሷን ቆማ የምትበላ፣ የፈተና ጥያቄ አንብባ ሳትጨርስ መልሱን የምታጠቁር ልጅ ስለሆነች፣ ትምህርት ቤት የሚያውቃት ሁሉ «ጥድፊያ» ይላታል። ሌላዋ የጥድፊያ ጓደኛ ናት፤ እሷን ደግሞ «ሊቋ» ይሏታል። ዛሬ የመጣችው በአማካሪነት ነው።

ሊቋ ይህን ስም ያገኘችው በከንቱ አይደለም። ስለ ብስክሌት ያላየችው ቪዲዮ የለም። ብትጠይቋትም ባትጠይቋትም ትነግራችኋለች፤ ስለ ማርሽ፣ ስለ ፍሬን፣ ስለ ጎማ ጥርስ። የራሷ ብስክሌት ግን ኖሯት አያውቅም። ነዳች ከተባለም የጎረቤት ልጅ ብስክሌት ነው፣ ያውም ግቢ ውስጥ፣ ልብስ ማስጫው ዙሪያ። ይሄ ነገር ብዙም አልተወራም። ሩጫ ላይ የለችበት፣ ቀልድ አይሆንላት፣ ድምጿ ለዘፈን አይመች፤ ሰው የሚፈልገኝ ስለማውቅ ብቻ ነው ብላ ታምናለች። ከሰው ሁሉ ደግሞ ጥድፊያ እንድትፈልጋት ትሻለች።

አጎትየው፣ ጥድፊያ ክፍሏን ካለፈች ብስክሌት ሊገዛላት ምሎ ነበር። አለፈች። እንዴት እንዳለፈች ፈጣሪ ይወቅ፣ ብቻ አለፈች። «እንግዲህ አንድ ነው» አላት፤ «ከዚህ በኋላ እስክትዳሪ ድረስ ከእኔ ምንም እንዳትጠብቂ።» ስለዚህ የሚገዛው ብስክሌት ሁሉን ቻይ መሆን አለበት። ጠዋት በአስፋልቱ ወደ ትምህርት ቤት፣ ከሰዓት በኮረኮንቹ አቋራጭ ወደ ቤት፣ ያንን የሚያስለቅስ ዳገት ጨምሮ፤ ቅዳሜ ደግሞ ከብስክሌት ክበቡ ጋር ጫካ ውስጥ፣ በዛፍ ሥርና በድንጋይ መሃል።

የስፖርት መምህሩ ይህንን ሰምቶ፣ «እንዲህ ለተደባለቀ መንገድ ባለ አጭር ጉዞ የተራራ ብስክሌት ነው የሚሻልሽ» ብሏት ነበር። ጥድፊያ ወሬውን ይዛ እየሮጠች ወደ ሊቋ መጣች።

«አጭር ጉዞ ማለት ግን ምንድን ነው?»

ሊቋ ቃሉን ቪዲዮ ላይ ሺህ ጊዜ ሰምታዋለች። ምን ማለት እንደሆነ ግን አጣርታ አታውቅም። ቢሆንም አፏን ሞልታ መለሰች።

«ግልጽ ነው እኮ! ቅርብ ቦታ ደርሶ ለመመለስ ነዋ። ሱቅ ምናምን። የአንቺ ቤት ደግሞ የት ነው? የዓለም ዳርቻ! አንቺ ረጅም ጉዞ ነው የሚያስፈልግሽ።»

«መምህሩ ታዲያ ለምን እንደዛ አሉኝ?»

«የእሳቸው ቤት እዚሁ አጥሩ ሥር አይደል? በራሳቸው ለክተው ነዋ!»

ለጥድፊያ ይሄ በቂዋ ነበር። ለአጎቷ ነገረችው፤ አጎቷም «ረጅም ጉዞ» የሚለውን ቃል ሲሰማ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

እነሆ አሁን ባለሱቋ መሰላል ላይ ወጥታ፣ ከግድግዳው ላይ አንድ ጥቁር፣ ግዙፍ ብስክሌት እያወረደች ነው። የፊቱን ጎማ የያዘው ፎርኬላ የሰው ክንድ ያህላል፤ ከኮርቻው ሥር ደግሞ ወፍራም ሞላ ተጠምጥሟል።

«የዚህ ጉዞው መቶ ሰባ ነው» አለች እያቃሰተች። «እዚያ በሩ ጋ ያለችው አረንጓዴዋ መቶ ሃያ ናት።»

«መቶ ሰባ ኪሎ ሜትር!» አጎትየው አጨበጨበ። «ሳትቆም?»

«ሚሊ ሜትር» አለች ባለሱቋ፤ ግን ይህን ስትል ግማሽ ፊቷ ከጎማው ጀርባ ነበር። ወዲያው ስልኳ ጮኸና ብስክሌቱን አስይዛው ወደ ውስጥ ገባች። አጎትየው አልሰማም። ጥድፊያም ያገኘችውን ብስክሌት ሁሉ ደወል እየደወለች ስለነበር አልሰማችም። ሊቋ ብቻ ሰማች።

ሚሊ ሜትር?

በሐሳቧ አሰላችው። መቶ ሰባ ሚሊ ሜትር አሥራ ሰባት ሴንቲ ሜትር ነው። አሥራ ሰባት ሴንቲ ሜትር ደግሞ ስንዝር እንኳን አይሞላም። ስንዝር የማይሞላ መንገድ ተጉዞ የት ሊደረስ ነው? ይሄ ብስክሌት እኮ ከሱቁ በርም አይወጣም! አረንጓዴዋማ ጭራሽ ንቅንቅ አትልም።

«እስቲ ይመች እንደሆነ» አለና አጎትየው እግሩን አሻግሮ ኮርቻው ላይ ዘፍ አለ።

ብስክሌቱ «እስስስ» ብሎ ተነፈሰ። ፊቱ ሰመጠ፣ ኋላው ሰመጠ። አጎትየው «ውይ!» ብሎ ብድግ ሲል ሁሉም ተመልሶ ብቅ አለ። ደስ አለውና ደግሞ ተቀመጠ። ሰመጠ። ተነሳ። ብቅ አለ። ከስንዝር ትንሽ የምታንስ ያህል ወደ ታች፣ ያችኑ ያህል ወደ ላይ።

ለሊቋ በራላት። ጉዞ የሚሉት እሱ ነበር! መንገዱ ሲያንገጫግጭ ብስክሌቱ ወርዶ የሚወጣት፣ ያቺው ናት። ረጅሙ ከቋጥኝ ላይ ለሚዘሉ እብዶች የተሠራ ነው። ቪዲዮው ላይ እነዚያ ሰዎች ዳገቱን ለምን በመኪና ተጭነው እንደሚወጡ አሁን ገና ገባት። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

«ውጪና ሞክሪው እንጂ!» አለ አጎትየው።

ከሱቁ ፊት ለፊት ያለው መንገድ ሽቅብ ነው። ጥድፊያ እንደ ልማዷ ቃሉን ሳታስጨርሰው ወጣች። ሊቋ በሩ ላይ ቆማ አየቻት። ጥድፊያ ፔዳሉን በረገጠች ቁጥር ብስክሌቱ ሰመጥ ብቅ፣ ሰመጥ ብቅ ይላል፤ ወደ ፊት ግን ፈቀቅ የሚለው ከስንት አንዴ ነው። አንድ ሽማግሌ ዘንቢል አንጠልጥለው እያዘገሙ ቀደሟት። ካለፏት በኋላም ዞር ብለው «አይዞሽ ልጄ» አሏት።

ስትመለስ ፊቷ ቲማቲም መስሏል።

«አሪፍ ነው!» አለች እያለከለከች። «ትንሽ... ይከብዳል። ግን ለረጅም ጉዞ ስለተሠራ ነው፣ አይደል?»

የጠየቀችው አጎቷን አይደለም። ሊቋን ነው።

«አዎ» አለች ሊቋ። እሱም አልበቃ ብሏት፣ ዓይኗን በጨው አጥባ፣ «ጡንቻሽ እስኪለምደው ነው» ብላ ጨመረችበት።

«የእኔም መኪና ዳገት ላይ እንደዚሁ ናት!» አለ አጎትየው ደረቱን ነፍቶ። ከዚያም ሊከፍል ባለሱቋን ፍለጋ ወደ ውስጥ ገባ።

ጥድፊያ የሹራቧን እጅጌ ጎትታ የብስክሌቱን መሪ ትወለውል ጀመር። «ስሚ፣ አንቺ ባትኖሪ እኮ መምህሩን ሰምቼ ያቺን አረንጓዴ ሚጢጢ ገዝቼ ነበር። ሳስበው ራሱ!» ብላ ሳቀች። «ቅዳሜ ጉድ ነው የምሠራቸው።»

ሊቋ ቅዳሜን አሰበችው። ሁሉም ቀድመዋት፣ ጥድፊያ ብቻዋን ዳገቱ ወገብ ላይ ሰመጥ ብቅ ስትል ታየቻት። ከዚያ ሰኞ አለ፣ ማክሰኞ አለ፣ እስክትዳር ድረስ በየቀኑ ያ ዳገት አለ። ደግሞ እኮ ሊቋን አትጠረጥራትም። የራሷን እግር ነው የምትወቅሰው። ሊቋ ወደ ጓደኛዋ ዞረች።

«ጥድፊያ።»

«ወዬ?»

«ጉዞ ማለት ጉዞ አይደለም።»

«ምን?»

«ማለቴ... ጉዞ ነው። ግን ወደ ታች ነው።» ሊቋ ሁለት እጇን መሪው ላይ አድርጋ ተጫነችው፤ ብስክሌቱ «እስስስ» አለ። «ይኸው፣ ይሄ ነው። ሩቅ ከመሄድ ጋር አይገናኝም። ይሄኛው ከገደል ለሚዘል ሰው ነው። መምህሩ ልክ ነበሩ። እኔ አላውቀውም ነበር፤ ዝም ብዬ ነው የነገርኩሽ። ቅድም ‹አዎ› ስልሽ ግን... አውቄያለሁ።»

ጥድፊያ መሪውን መወልወሏን አቆመች።

«ሙድ እየያዝሽብኝ ነው?»

«እውነቴን ነው።»

«እኔ እኮ...» የጥድፊያ ድምፅ ቀጠነ። «እኔ እኮ መምህሩን ‹ቤትዎ ቅርብ ስለሆነ ነው› ብያቸዋለሁ! ክበቡ ሁሉ በተሰበሰበበት! እሳቸውም ‹እሺ ልጄ› ብለው ዝም አሉ። የተረቱ መስሎኝ ነበር! ለካ አዝነውልኝ ነው!»

«ይቅርታ...»

«ዝም በይ! አሁን አንድ ቃል እንዳትናገሪኝ!»

ጥቁሩን ብስክሌት ሊቋ ላይ ገፍታ ለቀቀችው፤ አረንጓዴዋን ከበሩ ጎን መንጭቃ ሽቅቡን ተያያዘችው። ሊቋ ያንን ግዙፍ ብስክሌት እንደታቀፈች ቀረች። ዓይኗን አቃጠላት፤ የምትጠርግበት እጅ ግን አልተረፋትም።

አጎትየውና ባለሱቋ ወጡ። «የት ሄደች? ብስክሌቱን ደግሞ ለምን አንቺ ታቀፍሽው?» አለ አጎትየው።

ሊቋ ነገሩን እንደገና ከመጀመሪያው ተናገረች። ሁለተኛው ከመጀመሪያው አይቀልም። አጎትየው መርዶ እንደሰማ ሰው አንገቱን ደፍቶ አዳመጣት። ባለሱቋ ግን ሳቋን መያዝ አቃታት።

«እኔ ደግሞ ልጅቷ ከገደል የምትዘል መስሎኝ፣ በሆዴ ሳደንቃት ነበር!»

«ስለዚህ እኔ አጭር ጉዞ ልገዛ ነው?» አለ አጎትየው። «ለሹፌሮቹ ምን ብዬ ነው የማወራው? እሺ፣ ለየቱ ልክፈል? አዋቂዋ አንቺ አይደለሽ? በይ ንገሪኝ።»

ሊቋ ልትናገር አፏን ከፈተች። አረንጓዴዋ ናት፤ ምንም ጥርጥር የለውም፤ ምክንያቱንም አሁን አሳምራ ታውቀዋለች።

«እሷ ትምጣ ጋሼ» አለች። «የምትነዳው እሷ ናት።»

ጥድፊያ ከላይ እንደ ነፋስ ወርዳ ፍሬን ያዘች። ትንፋሿ በቦታው ነው። ሊቋን ግን አላየቻትም።

«አጎቴ፣ ይቺ ናት።»

«አጭር ናት እኮ የኔ ልጅ!»

«እኔም አጭር ነኝ።»

አጎትየው እያጉተመተመ ወደ ውስጥ ተመለሰ፤ ባለሱቋም ጥቁሩን ከሊቋ ተቀብላ ተከተለችው። ሁለቱ በሩ ላይ ቀሩ። ሊቋ ጫማዋን እያየች፣ ብቻዬን ወደ ቤት ልሂድ ወይስ ልቁም እያለች ታወጣ ታወርድ ጀመር።

«አሁንም ተናድጃለሁ» አለች ጥድፊያ።

«እሺ።»

«ሰኞ መምህሩ ጋ አብረን ነው የምንሄደው። የምትናገሪውም አንቺ ነሽ።»

«እሺ።»

ጥድፊያ ከንፈሯን ጥብቅ አድርጋ ለመቆየት ሞከረች። አልቻለችም።

«ግን ብታዪ እኮ! ላይ ኮረኮንቹ ውስጥ ገባሁልሽ፤ ጉድጓዱን አላየሁትም፤ አለቀልኝ ስል ይቺ ከፊት ያለችው... ይቺ ተንፈስ ተንፈስ የምትለው... ምን ነበር ስሟ...» እጇን እያወናጨፈች ቃሉን ፈለገችው።

ስሙ ሊቋ ምላስ ጫፍ ላይ መጥቶ ተቀምጧል። ዋጠችው።

«እሺ፣ ከዚያስ?» አለቻት።