ውስጡ የሚፋጅ አፈር

ሐፍሳ እጇን እስከ ክርኗ የአፈሩ ክምር ውስጥ ከተተችና ወዲያው መንጭቃ አወጣችው።

«ምንድነው? እባብ ነው?» ሶርሳ ወደ ኋላ ዘለለ።

«ይፋጃል!»

«አቦ አታካብጂ! አፈር እንዴት ይፋጃል?»

«እጅህን ክተትና እየው።»

ሶርሳ አልከተተም። በስተግራ፣ ከመማሪያ ክፍሎቹ ታዛ ሥር ወዳለው ሰልፍ አየ። ከንጋት ጀምሮ ጂንካ ላይ የያዘው ካፊያ ገና አላባራም። የትምህርት ቤቱ የአካባቢ ጥበቃ ክበብ አባላት ጥንድ ጥንድ ሆነው፣ የአፈራቸውን ናሙና በጣሳ ይዘው፣ መምህርት ዓባይነሽ ፊት ተሰልፈዋል። ከመምህርቷ እግር ሥር የቃሪያ ችግኝ የሞላ ሳጥን አለ። ሕጉ አጭር ነው፤ አፈሩ በስብሶ ለተከላ የደረሰለት ችግኝ ይወስዳል። ያልደረሰለት ድርሻው ለሌላ ይሰጥና እሱ እስከሚቀጥለው ዓመት ይጠብቃል።

ሐፍሳ ደግሞ መጠበቅ አትችልም። ቤታቸው ከአባቷ ሱቅ ጀርባ ያለች ጠባብ ክፍል ናት፤ ጓሮ የላትም። ያላት በግማሽ የተቆረጡ ጀሪካኖችና የሱቁ ደጃፍ ነው። አምና እነዚያው ጀሪካኖች ውስጥ የነበረው አፈር ከመድከሙ የተነሳ ደርቆ ጠጠረ፤ ውሃ ሲያፈሱበት በጎን ይወርድ ነበር። ቃሪያው ጣት ሳያክል ቢጫ ሆኖ ሞተ። ከዚያ ወዲህ ክበቡ ውስጥ ሁለቱም ስማቸው «ጡብ ሠሪዎቹ» ነው።

ዘንድሮ ያንኑ አፈር ሰባብረው ከቡና ገለባ፣ ከታጨደ ሣርና ሶርሳ ከአያቱ ጉረኖ ካመጣው የቆየ የፍየል በጠጥ ጋር ደባልቀው ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ከመሩት። ውሃ እያጠጡ በየጊዜው ገለበጡት። ለብ ይል ነበር፤ ከዚያ ቀዘቀዘ። ሐፍሳ ከእናቷ ጋር ወደ ካኮ ገበያ ስትሄድ የቀረው አንድ ጆንያ በጠጥ መጨመር ብቻ ነበር። እሱን ለሶርሳ ትታለት ሄደች።

አሁን መንሹን አንስታ የክምሩን ሆድ ከፈተችው።

እንፋሎት ቡልቅ ብሎ ወጣ። በካፊያው መሃል ቀጥ ብሎ ከራሷ በላይ ወጣና ተበተነ። እሳት የለም፣ ፍም የለም፣ አንድም የተቃጠለ ነገር አይሸትም። ገለባውና ሣሩ መሃል እንደ ተባዘተ ጥጥ የሳሳ ነጭ የሻጋታ ክር ከዳር እስከ ዳር ተዘርግቷል። ሐፍሳ ካምናው ጡብ አንድ ጓል አገኘች። ስትነካው በጣቶቿ መሃል ፈረሰ፤ ልቡ ድረስ ነጩ ክር ገብቶበታል። በዓይን የማይታይ ነገር፣ ቁጥሩ ስንት እንደሆነ የማይታወቅ፣ እዚህ ውስጥ እየበላ፣ እየተነፈሰ፣ ይህን ሁሉ ሙቀት ያመነጫል። የሞተ ነው ብላ ልትደፋው የነበረው አፈር ነው።

«ያ ረቢ» አለች በቀስታ።

ከዚያ በጠጡን አየች። አረንጓዴ ነው፣ ያብረቀርቃል፣ አንዱም አልፈረሰም።

«ሶርሳ፣ ይሄን ከየት አመጣኸው?»

«ከአያቴ ጉረኖ አልኩሽ አይደል?»

«የአያትህ ደርቆ ዱቄት የሆነ ነው። ይሄ ትኩስ ነው።»

ሶርሳ ራሱን አከከ። «አልዱባ ገበያ ነው። ከአባዬ ጋር ሄጄ ፍየሎቹ ከታሰሩበት ጠራረግኩና አይሱዙ መኪና ላይ ጫንኩት። አያቴ ጋ እኮ ያን ሁሉ ዳገት መውጣት ነው! በጠጥ ያው በጠጥ ነው ብዬ...»

«አሁን እዚህ ላይ ብንተክል ሥሩ ይቀቀላል።»

«ላዩን በጥሩው አልብሼዋለሁ። ጣሳውም ከላይ ነው የተሞላው። ቲቸር የሚያዩት እሱን ነው። ከሞተም ችግኙ ነው ደካማው እንላለን።»

«ሐፍሳና ሶርሳ!» ተጠሩ።

«ጡብ ሠሪዎቹ፣ ቶሎ በሉ!» አለች ከሰልፉ ሰኢዳ። «ቤት ልትሠሩ ነው እንዴ?»

መምህርት ዓባይነሽ ካቀረቡላቸው ጣሳ ቆንጥረው በጣቶቻቸው አሹት፤ አሸተቱትም። ጥቁር ነው፣ ቀዝቃዛ ነው፣ ዝናብ የመታው ጫካ ይሸታል። ፊታቸው በራ። «ጎበዞች! ይሄማ ደርሷል።» ጎንበስ ብለው ችግኞቹን አነሱና ዘረጉላቸው። ከእርጥቡ አፈር ሥር ፀጉር የሚያክሉ ነጫጭ ሥሮች ተንጠልጥለዋል።

ሶርሳ በክርኑ ጎሸማት። ሐፍሳ ሥሮቹን አየች። ከዚያ ወደ ክምሩ ዞረች፤ በከፈተችው በኩል አሁንም ቀጭን ጭስ የመሰለ ነገር ይወጣል።

እጇን አልዘረጋችም።

«አልደረሰም፣ ቲቸር። ይሄ የላዩ ነው። ውስጡ ይፋጃል፤ ትኩስ በጠጥ ገብቶበታል።»

«ትኩስ? ማነው የጨመረው?»

ሶርሳ መሬት መሬት አየ።

«ክምሩ የሁለታችንም ነው» አለች ሐፍሳ።

መምህርቷ ሁለቱንም በየተራ አዩና ችግኞቹን ለሰኢዳ ሰጧት። ሰኢዳ ለመሳለቅ አፏን ከፍታ፣ እንፋሎቱን ስታይ ረሳችው። «ውይ! ምንድነው እሱ?» ብላ ችግኞቹን እንዳቀፈች ወደ ክምሩ ሄደች።

«አንድ ዓመት፣ ሐፍሳ» አለ ሶርሳ ከኋላዋ እየተከተለ። «አንድ ዓመት ሙሉ!»

«ሰማሁ። ውሃ አምጣ፣ ስንገለብጠው እንዳይደርቅ።»

ሶርሳ ባልዲ ፍለጋ ሄደ። ሐፍሳ መንሹን ክምሩ ሥር ሰክታ የታችኛውን ወደ ላይ ማውጣት ጀመረች።